አያ ጅቦ ደጋግሞ የፈረመው ውል

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ አንዲት እርጉዝ አህያ ቤት ለማሠራት ቆርጣ ተነሣች። ለራሷማ ዝናቡን ለምዳዋለች። በሆዷ ያለው ውርንጭላ ግን ሜዳ ላይ ተወልዶ በብርድ ሲንቀጠቀጥ እየታያት እንቅልፍ አጣች። በዚያ አገር ደግሞ ቤት እሠራለሁ የሚል ከጅብ በቀር አልነበረም። «አህያ ጅብን ቀጠረች?» ብላችሁ አትሳቁባት፤ እስቲ ማንን ትቅጠር!

አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ መጣ። «እሜት አህያ፣ ምን ሐሳብ ይገባሻል! ግድግዳውን አቆማለሁ፣ በጭቃ እመርጋለሁ፣ በሣር እከድናለሁ። ዝናቡ ሳይጥል ቁልፉን ትረከቢያለሽ!»

«ቁልፉ ይቅርብኝ፤ ጣሪያው ይበቃኛል» አለች አህያ። «ግን ውል እንፈራረማለን። ዋስም ትጠራለህ።»

የዚያ አገር አራዊት የሚዋዋሉት በጭቃ ላይ ነው። ጭቃ ይጠፈጥፉና፣ ቃላቸውን በምስክር ፊት ተናግረው እግራቸውን ያሳርፉበታል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። አህያ ኮቴዋን፣ ጅብ መዳፉን አሳረፉ። ዋስ የሆነችው ቀበሮ ናት። «ለወዳጅ እግርን ማንሣት ምን ይከብዳል?» ብላ እሷም ጠቅ አደረገች። ለነገሩ ጅቡ ከቀብዱ ሊያቀምሳት ቃል ገብቶላት ነበር። ቀብዱ አህያ የምትተኛበት የበሬ ቁርበት ነው። አያ ጅቦ እንደ ተቀበለ እዚያው ቁጭ ብሎ ቆረጣጥሞ ጨረሰው፤ ለቀበሮ ቅንጣት አላስተረፈላትም።

ሥራው ተጀመረ። ጅቡ ጥቂት እንጨት እንዳቆመ ከወንዝ ማዶ የሞተ በቅሎ ሸተተው። አለቀ! መቆፈሪያውን ጥሎ ላጥ አለ። አህያ ከባድ ሆዷን ይዛ እያለከለከች ደረሰችበት።

«አያ ጅቦ፣ ቤቴስ?»

«የምን ቤት?» አለ አፉን ሞልቶ።

«የፈረምክበት ነዋ!»

«እሱማ ያኔ ርቦኝ ነው። አሁን ጠግቤያለሁ፤ ሐሳቤንም ቀይሬያለሁ። ሂጂና የትም ክሰሺ!»

አህያ ንድድ አላት። በእርግጫ ልትለው አማራትና ጥርሱን ስታይ ተወችው። «ቆይ ብቻ!» ብላ ወደ ዳኛው ወደ አንበሳ አመራች።

ቀበሮ ይህን ስትሰማ ክው አለች። በርራ ሄዳ ጅቡን አንቀው አንቀው አላት። «አንተ ከርሳም! ያ ጭቃ እስካለ ድረስ ሁለታችንም ጉድ ፈላብን። ሂድና ርገጠው፤ የማንም እግር አይታይበት!»

ጅቡ ጭቃው ወደ ተሰጣበት ወደ አህያ ደጅ ሄደ። ጭቃው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ውሃ ደፍቶ አለሰለሰውና እንደ ሠርግ ቤት ጨፋሪ ወጣበት ወረደበት። የአህያም ኮቴ፣ የቀበሮም እግር ጠፋ። ደስ ብሎት እያሽካካ ተመለሰ፤ ፀሐይዋም ጭቃውን መልሳ አደረቀችው።

በችሎቱ ቀን አንበሳ ዛፍ ሥር እያዛጋ ተቀመጠ። «ውሉ ይቅረብ!» አለ። አህያ ጭቃውን ከጀርባዋ አውርዳ ብታየው ኮቴዋ የለም። «ልጄ ሜዳ ላይ ቀረ!» ብላ አለቀሰች።

አንበሳ ጎንበስ ብሎ አየ። ደግሞ አየ።

«ጅቦ፣ ይህ የማን መዳፍ ነው?»

«የእኔ።»

«ይሄስ?»

«እሱም የእኔ።»

«ይሄኛውስ?»

«ሁሉም የእኔ ነው ጌታዬ! ልፋቴን ባዩልኝ! ቀበሮ ናት ርገጠው ያለችኝ።»

ቀበሮ ዓይኗን ጨፈነች።

«በአገራችን ሕግ» አለ አንበሳ፣ «ውል ጭቃ ላይ እግሩን ያሳረፈ ፈርሟል። አንተ እንዲህ ደጋግመህ የፈረምከው ቤቱን ብትወደው ነው! አንቺስ ቀበሮ፣ ዋስ ባትሆኚ የጭቃው ነገር ምን አስጨነቀሽ?» ችሎቱ በሣቅ ተናጋ።

ከዚያ ወደ አህያ ዞረ። «እሜት አህያ፣ ምርጫው የአንቺ ነው። ከፈለግሽ እንደ ውሉ ራሱ ይጨርስልሽ። ካልሆነ በእሱ ኪሣራ ሌላ ይጨርሰው። ወይም ውሉ ይፍረስና ቀብድሽን መልሶ ለጉዳትሽ ይካስሽ።»

ጅቡ ብድግ አለ። «ቀብዱን እመልሳለሁ! እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ታገሡኝ፤ በራሱ መንገድ ይመጣል!»

«በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች አህያ። «እዚያ ላይ አልተኛም!»

ደመናውን አየች፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ሲራገጥም ተሰማት። «ጌታዬ፣ ሌላ ይጨርስልኝ። ዋሱ ቀበሮ ትምረግ፣ ትክደንም። ጅቦ ግን ከደጄ እንዳያልፍ። እዚያው ውጭ ጭቃ ይርገጥ፤ መርገጥ ይወዳል።»

እንደ ቃሏም ሆነ። ጅቡ ጭቃና ጭድ ረገጠ፤ ቀበሮ ያንን የምትኮራበትን ጭራዋን እያጠቀሰች ግድግዳውን መረገች። የመጨረሻው ሣር ሲከደን ዝናቡ ዱብ ዱብ አለ፤ ውርንጭላውም ደረቅ መሬት ላይ ተወለደ። አህያ በደስታ አናፋች።

ጅቡ ደጅ ቆሞ እየራሰ፣ «እሜት አህያ፣ ልጠለል?» አለ።

«ውሉ ላይ የለም!» ብላ በሩን ዘጋችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ውል ፈርሞ ጥሎን የሚሄድ ቤት ሠሪ ቢገጥመን ከማልቀስና ከመራገጥ ይልቅ ውላችንንና ዋሳችንን ይዘን ዳኛ ፊት ቀርበን የሚበጀንን መጠየቅ እንዳለብን፣ ለወዳጅ ብለን ዋስ ስንሆንም ጭቃው እኛንም እንደሚጠብቀን ነው።