የእትዬ ዘነቡ ኪሞኖ

ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ ብሎ በራሱ ልክ ሲያደርገው ከታየ፣ ሴቶቹ ተያይተው አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። ለእንግዳ ጆሮ ስድብ ትመስላለች። ስድብስ አይደለችም፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ሰው እንዲያውም ሲሰማት ሆዱ ይባባል።

ነገሩ የሆነው በእትዬ ዘነቡ ደጃፍ ነው። እትዬ ዘነቡ ያለ አባት ያሳደገቻት ምንትዋብ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ምንትዋብ እዚያው ከተማ የሙያ ትምህርት ከሚያስተምር ናኦቶ ከሚባል ጃፓናዊ ጋር ተዋደደች። ልጁ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ቃሪያ ሳይፈራ የሚበላ፣ ሽማግሌም በወጉ የላከ ስለሆነ ዘነቡ እንከን ብትፈልግ አጣችለት። ችግሩ ከወዲያ ማዶ ነበር። የናኦቶ እናት ወይዘሮ ቺዮ ባሏን ከቀበረች ዓመት ሳይሞላት አንድ ልጇ በሰው አገር ሊቀርባት ነው። እሺም እምቢም ሳትል፣ መጥቼ ቤቱንና ሰዎቹን በዓይኔ ልይ አለች። ናኦቶ ደግሞ እናቴ ሳትመርቀኝ አላገባም ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ምንትዋብ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል አልወርድ አላት፤ እናትየዋም የልጇን ፊት እያየች አብራ ትከሳ ጀመር።

ቺዮ ከመምጣቷ በፊት በሰው እጅ ለዘነቡ ስጦታ ላከች። ኪሞኖ የሚሉት የአገሯ ልብስ ነው፤ ሰማያዊ ሐር፣ ነጫጭ አበባ የተዘራበት። ቁልፍ የለው፣ ዚፕ የለው፤ ፊቱ እንደ ካባ ክፍት ሆኖ አንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ይደረብና በሰፊ መቀነት ይታሰራል። አብሮት ከሥሩ ሁለት ጥርስ ያለው የእንጨት ጫማና አውራ ጣት ለብቻዋ የምትገባበት ነጭ ካልሲ መጣ። ዘነቡ ካልሲውን አገላብጣ አየችና፣ በእነሱ አገር ፍየልም ካልሲ ያጠልቃል እንዴ ብላ ልጇን ከስንት ጊዜ በኋላ አሳቀቻት።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። እንግዳዋን በራሷ ልብስ ተቀብላ፣ አገርሽ ነው፣ ቤትሽ ነው ልትላት ፈለገች። ምንትዋብ፣ ናኦቶ አለባበሱን ያሳይሽ ብትላት ግን በጄ አላለችም። ዘነቡ አማቿን ስታይ ነጠላዋን እስከ አፏ የምትሸፍን ዓይን አፋር ናት።

"አማቼ መቀነት ሲያስታጥቀኝ ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?" አለች። "ልብስ ልብስ ነው። ለብሼ ነው ያደግሁት።"

የመቀበያው ቀን ጠዋት በሯን ዘግታ መስታወት ፊት ቆመች። የትኛው ጠርዝ ከላይ ይዋል? ብዙም አላሰበችበት። ሰው ሲነጋ ቀኝ አውለኝ ብሎ ነው የሚወጣው፤ የሰጡትን የሚቀበለው በቀኙ ነው። አማተበችና የቀኙን ጠርዝ በግራው ላይ ደረበች። የሐበሻ ቀሚሷን ግን ከሥር አላወለቀችም፤ ለማንኛውም ብላ። ለድግሱ ሊረዱ የመጡት ጎረቤቷ እማሆይ አጸደ መቀነቱን ከኋላ ጠፍረው አሰሩላትና ንግሥት መስለሻል አሏት።

ናኦቶ እናቱን ይዞ የመጣበት መኪና ሲደርስ የሰፈሩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ዘነቡ በእንጨት ጫማው እየተንገዳገደች፣ ኮብልስቶኑን እያንኳኳች ወደ በሩ ወጣች። ወይዘሮ ቺዮ ከመኪናው ወረደች፤ እሷ እቴ፣ ሱሪና ሸራ ጫማ ነው ያደረገችው። ፈገግ ብላ ቀና አለች። ዓይኗ ዘነቡ ደረት ላይ ሲያርፍ ግን ፊቷ ዐመድ መሰለ። አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ዞረች፣ ግንባሯን መኪናው ላይ ደፍታ ትንሰቀሰቅ ጀመር።

እልልታው ቀጥ አለ። ዘነቡ ልጇን አየቻት፤ ምንትዋብ የቆመችበት ደርቃ ቀርታለች። በገዛ እጄ የልጄን ትዳር አፈረስኩት አለች በሆዷ። ጫማውን እዚያው ጥላ በካልሲዋ እየሮጠች ሄዳ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ቀና ብላ ያላየችውን አማቿን ክንዱን ያዘችው።

"ምን አጠፋሁ? እንዳትሸፋፍንብኝ፣ እውነቱን ንገረኝ።"

ናኦቶ ወደ ኪሞኖው ጠርዝ አመለከተ። "እማማ፣ እርስዎ አላጠፉም። በእኛ አገር ቀኙ ከላይ ሲሆን የሞተ ሰው አለባበስ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ግራውን ነው ከላይ የሚያደርገው። አባቴን... አባቴን እንደዚህ አድርጋ ያለበሰችው እሷ ናት።"

ለወሎ ሴት ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ ሲዘቀዘቅ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ዘነቡ ሌላም ነገር ትዝ አላት፤ ባል የሞተባትን ሴት ልታገኝ ወጥታ ለቅሶ አልደረሰቻትም። ሐዘንተኛ ሲያገኙ ከሰላምታ በፊት ለቅሶ ነው የሚቀድመው፤ እሷ ግን በእልልታ ተቀበለቻት። የልጇን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ወሰደች፣ አዘቅዝቃ ለበሰችው፣ ቺዮን አቅፋ እዚያው የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻትና አይታው ለማታውቀው ሰው፣ ወንድሜን እያለች አለቀሰች። ሴቶቹም ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ተቀመጡ።

ቺዮ መጀመሪያ ግራ ገባት። ቀስ በቀስ ግን ራሷን ዘነቡ ትከሻ ላይ ጣለችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ናኦቶ ዓይኑን እያበሰ፣ እናቴ በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም፣ በእኛ ዘንድ ሰው ፊት ማልቀስ ከባድ ነው አለ።

ሲወጣላቸው ቺዮ ተነሣች። ዘነቡን አቆመቻትና መቀነቱን ፈታች፤ ጠርዞቹን ገለጠች፣ ቀኙን ከሥር፣ ግራውን ከላይ አድርጋ እንደ ገና አስታጠቀቻት። ከዚያ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ናኦቶ ተረጎመው።

"ይህ እጄ መጨረሻ ያለበሰው ሙት ነበር፤ ዛሬ በሕይወት ያለች እህት አለበስኩ ትላለች። ቤቱን ማየት አያስፈልገኝም፣ ሰዎቹን አይቻለሁ ትላለች።"

ምንትዋብ ቺዮ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ቺዮ ቀድማ አቀፈቻት፤ የተቋረጠው እልልታም ተመለሰ። መቀነቱን በገዛ እጃቸው የጠፈሩት እማሆይ አጸደ እንባና ሳቅ እየተናነቃቸው ዘነቡን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና እንዲህ አሉ፦ "ሳይጠይቅ የለበሰ፣ በቁሙ አስለቀሰ።"