እትዬ አስካለ እና ወደ ስታዲየም የሄደው ሰልፍ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ይሄ የታክሲ ሰልፍ ተረት ነው።

እትዬ አስካለ ረድኤት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ በረኛ ናት። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቁ ስታዲየም ልትጫወት ነው። «እማዬ፣ ማንም ባይመጣ አንቺ ነይልኝ» ብላ በጠዋት ወጥታለች። እትዬ አስካለም የፈለጉት ይህንኑ ብቻ ነው። ጣቢያ ቢደርሱ ባቡሩ አልሄድ አለ።

ወደ ታክሲው ሄዱ። «ልጄ፣ ባቡሩ አልሄድ አለ፤ ስታዲየም አድርሰኝ።»

«ትራፊኩ መንገድ ካልከፈተ አልጭንም፣ ማዘር» አለ ሾፌሩ።

ወደ ትራፊኩ ሄዱ። «ታክሲው አልጭን አለ፣ ባቡሩ አልሄድ አለ፤ መንገድ ክፈትልን።»

«አለቃዬ ካላዘዙ አልከፍትም፣ እናቴ።»

ወደ አለቃው ሄዱ። «ትራፊኩ አልከፍት አለ፣ ታክሲው አልጭን አለ፣ ባቡሩ አልሄድ አለ፤ እባክዎ ይዘዙ።»

«ተራ አስከባሪው ሰልፉን ካላንቀሳቀሰ አላዝም» አለ አለቃው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው።

ወደ ተራ አስከባሪው ሄዱ። «አለቃው አላዝ አለ፣ ትራፊኩ አልከፍት አለ፣ ታክሲው አልጭን አለ፣ ባቡሩ አልሄድ አለ፤ ሰልፉን አንቀሳቅስልኝ።»

«ባቡሩ ካልሄደ ሰልፉን አላንቀሳቅስም። ለዕድሜዎ ስል ግን ከፊት ይቁሙ» አላቸው።

እትዬ አስካለ ከፊት ቆሙ። ተናደዱ። «ተራ አስከባሪው አላንቀሳቅስ አለ፣ አለቃው አላዝ አለ፣ ትራፊኩ አልከፍት አለ፣ ታክሲው አልጭን አለ፣ ባቡሩ አልሄድ አለ። እንግዲያው እኔም አልቀር አልኩ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው በእግራቸው ገሰገሱ።

የከተማችን ሰው ደግሞ ሰልፍ ላይ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ጀርባው ከሄደ ይሄዳል። ሁለተኛው ሰው ተራው የደረሰ መስሎት እትዬ አስካለን ተከተለ፤ ሦስተኛው ሁለተኛውን፤ እኔም ከፊቴ የነበረውን ወፍራም ሰውዬ። የኋለኞቹ ገና ሲነቃነቁ እትዬ አስካለ አደባባዩን አልፈዋል። ወዴት ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሰልፍ ከሄደ ምን ይጠየቃል።

ተራ አስከባሪው የሚያስከብረው ተራ አጥቶ ከኋላችን ሮጠ። መንገዱ በሰው ሲሞላ አለቃው ሳይወድ አዘዘ፤ አለቃው ሲያዝ ትራፊኩ ከፈተ፤ ትራፊኩ ሲከፍት ታክሲው ባዶውን መጥቶ «ማዘር፣ ይግቡ» አለ። «እኔ ደርሻለሁ፤ ይልቅ ከኋላ ያሉትን ሽማግሌዎች ጫን» አሉት። ባቡሩማ እስካሁን እንደቆመ ነው።

ረድኤት ጓንቷን እያጠለቀች ቀና ብትል እናቷ አጥሩ ጋ ቆመዋል። «እማዬ፣ ባቡር የለም ሲሉኝ ቀርተሻል ብዬ ነበር።»

«ማን ሊያስቀረኝ» አሉ እትዬ አስካለ።

ከኋላቸው ያ ሁሉ ሰው ተራውን ሳይለቅ እየገባ ነበር። ረድኤት አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም። ጨዋታው ሲያልቅ ታክሲዎቹ በራፉ ላይ ተሰልፈው ጠበቁን።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን የምታብሱበት ዳቦ ግን ለስላሳ ይሁን። እዚያ የታክሲ ሰልፍ የቆምኩት ጥርሴን ላስነቅል ልሄድ ነበር።