ጅብ የበላው የአውሮፕላን ወንበር

አንድ ጊዜ፣ እንስሳትም እንደ ሰው ሙዚየም በነበራቸው ዘመን፣ በሰፊ ሜዳ ላይ ከግራር ዛፍ አጠገብ አንድ አሮጌ የጦር አውሮፕላን ቆሞ ነበር።

ይህ አውሮፕላን በጦርነቱ ጊዜ እሳት እየተፋ በሜዳው ላይ ይበር ነበር። የሽመላን የግራ ክንፍ የሰበረውም እሱ ነው። በኋላ ራሱም ወደቀና አፍንጫውን ጭቃ ውስጥ እንደቀበረ ብዙ ክረምት አለፈበት። የሙዚየሙ አለቃ አያ አንበሶ «ተነሥቶ ይታይ» ብሎ ባዘዘ ጊዜ ዝሆን ጎትቶ አወጣው። አህያ ደግሞ አሸዋና ውኃ እያመላለሰች ዝገቱን ፈገፈገች፤ የተጣመመውን ቆርቆሮ አቃናች፤ በጉሎ ዘይት ወለወለችው። በመትረየሱ አፈሙዝ ውስጥ ግን ትናንሽ ወፎች ጎጆ ሠርተው ስለነበር እሱን ሳትነካ ተወችው።

ሥራው ሲያልቅ የሚገርም ነገር ሆነ። ጀምበር ስትጠልቅ በአብራሪው የቆዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን የጨፈነ ሁሉ ይበር ጀመር። ከታች ሆኖ ለሚያይ አውሮፕላኑ ንቅንቅ አይልም። የተቀመጠው ግን ወንዙ እንደ ክር ሲቀጥን፣ ደመናው ፊቱን ሲዳብሰው ይታወቀዋል። በሬ ማንም ያልረገጠው ለምለም ሣር ላይ በረረ። ኤሊ የገዛ ቤቷን ጣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ አየችው።

በየምሽቱ የሚቀመጠው አንድ እንስሳ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ተራ ይጠብቃል። ሽመላም ትጠብቅ ነበር።

«እሜቴ አህያ፣» አለች አንድ ቀን ክንፏን መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ «ወገኖቼ ነገ ጀምበር ስትጠልቅ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳሉ። የነገው ተራ የእኔ መሆኑ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እኅቴ። ክንፍሽን የሰበረው እሱ አይደል? እስከ ደመናው ያድርስሽና ወገኖችሽን ሸኚ።»

ሽመላ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም፤ ደስታዋ አጠገባት።

በማግስቱ በቀትር፣ ሁሉም በየጥላው ሲያንቀላፋ፣ ጅብ ቀበሮን ቀሰቀሳት።

«እሜቴ ቀበሮ፣ የእኔ ተራ መቼ ነው?»

«ባለፈው ተቀምጠህ የለም እንዴ? አሁንማ ሽመላ አለች፣ ከርከሮ አለ፣ ጦጣ ከነልጆቿ አለች፣ እኔ አለሁ።»

«ኧረ ሆዴ! የሥጋ ተራራ ነበር እኮ ያየሁት። አፌን ስከፍት ፀሐይዋ ጠለቀችብኝ!»

ቀበሮ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። ይህ ሆዳም ጥፋት አጥፍቶ ቢባረር በሚቀጥለው ዙር ለእሷ አንድ ተራ ይቀንስላታል።

«ለመሆኑ ሕልሙ የት ያለ ይመስልሃል፣ አያ ጅቦ?»

«የት ነው?»

«ቆዳው ውስጥ ነዋ! ጠርዙን ትንሽ ብትቀምስ ማን ያይሃል?»

«ቆዳ?» አለ ጅብ፤ ለሃጩ ተዝረከረከ። «ሆዴ ውስጥ ካስገባሁትማ ያለ ተራ ቀኑን ሙሉ እበራለሁ!»

«አየህ፣ ሞኝ የሚሉህ ሳያውቁህ ነው።»

ጅብ ወደ ላይ ወጣ። ጠርዙን ቀመሰ። መሐሉን ቀመሰ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጠፍሩ እንኳ አልቀረም።

ሽመላ ላባዋን አስተካክላ ስትደርስ ያገኘችው ባዶ ብረት ነበር። ጅብ ከአውሮፕላኑ ሥር ሆዱን ይዞ ተጋድሟል።

«ማነው ይህን ያደረገ?» ብሎ አያ አንበሶ አገሣ።

«እኔ አልበላሁም፣ ጌታዬ!» አለ ጅብ። «ደሞ እኮ በጣም ይደርቃል!»

እንስሳቱ በሳቅ ፈነዱ። «ታዲያ በረርክ?» አለው ከርከሮ።

«የት በርሬ! ሆዴ ይጮኻል እንጂ አይነሣም። እሜቴ ቀበሮ ናት የመከረችኝ!»

«ቅመስ አልኩ እንጂ ጨርስ አልኩ?» አለች ቀበሮ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ሽመላ ግን አልሳቀችም። ወገኖቿ ከግራሩ በላይ መዞር ጀምረዋል። «ግዴለም» ብላ ፊቷን አዞረች።

አህያ ወደ ባዶው ብረት ተጠጋች። ሸክም የላጠውን ጀርባዋን የሚሸፍንላትን አሮጌ የቆዳ መደላድል ፈታችና ብረቱ ላይ አነጠፈችው።

«ነገ በምን ትሸከሚያለሽ?» አለቻት ሽመላ ቁስሏን አይታ።

«የነገን ነገ። አሁን ውጪ፤ ጀምበሯ እየጠለቀች ነው።»

«የአህያ መደላድል ገበያ ይሄዳል እንጂ የት ይበራል?» ብላ ቀበሮ አጉረመረመች።

ሽመላ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። በመጀመሪያ የታያት ሰማይ ሳይሆን መንገድ ነበር፤ አቧራማ፣ ዳገታማ፣ ረጅም መንገድ። ጀርባዋ ላይ ከባድ ሸክም ተሰማት። የአህያ ዕድሜ ሁሉ ይህ ነበር። ዳገቱ አናት ላይ ስትደርስ ግን ጆንያዎቹ አንድ በአንድ ተንሸራተው ወደቁ፤ መንገዱም እግሯን ለቀቃት።

ነፋስ መጣ። ሽመሎች በቀኝ፣ ሽመሎች በግራ።

«ምነው ዘገየሽብን?» አለቻት ታናሽ እኅቷ።

አሮጌው አውሮፕላን እሳት ሳይተፋ በመሐላቸው ተንሳፈፈ። ከአፈሙዙ ውስጥ ጫጩቶቹ አንገታቸውን አውጥተው ሰማዩን አዩ። ሽመላ የመጀመሪያዋ ኮከብ እስክትወጣ ድረስ ወገኖቿን ሸኘች።

ከታች የቆሙት ያዩት አንዲት የተኛች ወፍ ብቻ ነው። ነገር ግን የሽመሎቹ መንጋ አውሮፕላኑን አንድ ጊዜ ዞሮ ሲሄድ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ተዘርግቶ የማያውቀው የግራ ክንፏ ቀስ ብሎ ስንዝር ያህል ተከፈተ።

አያ አንበሶም ፈረደ፤ የአህያ ቁስል እስኪድን ውኃውንና አሸዋውን ጅብና ቀበሮ ይሸከሙ ጀመር።

«ከበደህ እንዴ፣ አያ ጅቦ?» ይሉታል መንገደኞች።

«ወንበር የዋጠ ሰው ምን ይቀለዋል!» ይላል እያቃሰተ።

ሽመላ ተራዋ እንደገና በደረሰ ጊዜ ለአህያ ሰጠቻት። አህያ በገዛ መደላድሏ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ስትወርድ ሁሉም ከበቧት።

«የት በረርሽ?»

«የትም» አለች አህያ ፈገግ ብላ። «ሣር ላይ ቆሜ ነበር። ጀርባዬ ላይ ምንም አልነበረም።»

ከዚህ የምንማረው ሕልምን ለብቻው የዋጠ የሆድ ሕመም ሲያተርፍ፣ ከራሱ ጀርባ አንሥቶ ለሌላው ያነጠፈ ግን ሁለት ጊዜ ሸክም እንደሚቀልለት ነው።