ከደንገል የተገኘችው ጫጩት

አንድ ሰው ነበረ፤ የቀሩትን ዳክዬዎቹን ሁሉ በአንድ ሌሊት አጣ፤ ያለቁበትን በር የዘጋውም ራሱ ነበር።

ይህን ምሳሌ የተናገሩት ጋሽ አስረስ ናቸው። በልጅነታቸው ከሰው ቤት ሰው ቤት ሲንከራተቱ እንዳደጉ ይታወቃል፤ እሳቸው ግን ስለዚያ ዘመን አያወሩም። የሺእመቤት የምትባል ጎረቤታቸው ናት መጥታ የጠየቀቻቸው። የሟች እህቷን ልጅ ከእሷ ጋር ታኑራት ወይስ ወደ አባቷ ዘመዶች ትስደዳት፣ ቸግሯታል። ልጅቷ ከመጣች ወዲህ የየሺእመቤት ሁለት ልጆች ተራ በተራ ታመዋል፤ ትንሹ ገና ከአልጋ አልተነሣም። አማቷም ልጅቷን ገደ ቢስ ናት ብለዋል፤ ትውጣልኝ ብለዋል። ጋሽ አስረስ እንድትቀመጥ በእጃቸው አመለከቷትና ስለዚያ ሰው ነገሯት።

ሰውየው የሚኖረው ሐይቅ ዳር ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያሉት ሰባት ዳክዬዎች ናቸው፤ እንቁላላቸውን ማዶ ላለ ሆቴል እያቀረበ ይኖራል። የመንደሩ ሰው ዳክዬ አይበላምና ይስቅበታል፤ ጣቱ የተሰፋ ወፍ አርቢ ይለዋል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

አንድ ክረምት ሐይቁ ሞልቶ ሲመለስ ሰውየው ደንገል ሊያጭድ በታንኳ ወጣ። ከደንገሉ መሃል የዱር ዳክዬ ጎጆ አገኘ። እናቲቱ የለችም። ልጆቿም የሉም። ላባ አልወደቀም፤ ደም አልፈሰሰም። ጎጆው ሰው አንጥፎት እንደሄደ አልጋ ደህና ነው። ከዳር ግን አንዲት ጫጩት ቆማለች። አትንጫጫም። ከእሱ ኋላ የሆነ ነገር ታያለች። ዞር ብሎ አየ፤ ምንም የለም።

ደረቱ ውስጥ ከቶ ወሰዳት። እናት የሌላት ጫጩት ላባዋን ውሃ የማያስገባ ቅባት የሚቀባላት ስለሌለ ውሃ ይገባታል፣ ትሰጥማለች፤ ስለዚህ ውሃ በዝርግ ሳህን ብቻ ሰጣት። የተቀቀለ አስኳል ፈርፍሮ፣ ፉርሽካ አርሶ አበላት። ትልልቆቹ እንዳይረግጧት በመሃል ሽቦ ጋረደ፤ በሽቦው ቀዳዳ ሲተያዩ ሰነበቱ። በስምንተኛው ቀን ሽቦውን አነሣ። ስድስቱ በአፋቸው ቆነጠጧት። አሮጊቷ ዳክዬ ግን ክንፏን ገለጥ አድርጋ አስገባቻት። ሰውየው ይህን ቆሞ አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸውን ሊዘጋ ሲሄድ ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው ጫጩቷን ሆነ።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጫጩቷ ከግቢው መሃል ቆመች። አንገቷን ወደ ደንገሉ አስግጋ ጮኸች። የጫጩት ጩኸት አይመስልም፤ ቀጭን ነው፣ አይቆረጥም። ትልልቆቹ መብላታቸውን ተዉ። ነፋስ የለም፤ ደንገሉ አይነቃነቅም። ሰውየው ሁሉንም አስገብቶ ዘጋባቸው። ውስጥም ሆና ጮኸች። ቢቸግረው እየወጣ ዝም እንድትል ግድግዳውን በዱላ መታ። ጠዋት ሲከፍት ጫጩቷና ስድስት ዳክዬ ወጡ። በሩ እንደተዘጋ ነበር። ላባ የለም፤ ደም የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ጮኸች። እንደገና በዱላ መታ። ጠዋት አምስት ሆኑ። ሌባ መስሎት በሩን አጠበቀ፤ ቁልፍ አበጀለት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጮህ አራት ቀሩ።

ጎረቤቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር። መረቡን እየጠገነ የሰውየውን ስሞታ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ታዲያ ሌባውን በደረትህ ይዘህ የገባኸው አንተ አይደለህ?» አለው። «የእናቷን ቤት ጨርሳ ነው የመጣችብህ። ስትጮህ ማንን የምትጠራ ይመስልሃል?»

ሰውየው ሳቀ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ጫጩቷ ከደጃፉ ቆማ ጠበቀችው። እንደ መጀመሪያው ቀን ከእሱ ኋላ ታያለች። ዞር ብሎ ማየት ፈራ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ እንደገና ደረቱ ውስጥ ከተታት። ላባ ማውጣት ጀምራለች፤ ከብዳለች። ማዶ እስኪደርስ ልቧ በደረቱ ላይ ሲመታ ይሰማው ነበር። ከደንገሉ ዳር አስቀምጧት ታንኳውን ገፋ። አልተከተለችውም። አንገቷን ወደ ቤቱ አቅጣጫ አስግጋ ቆመች።

የዚያን ዕለት ጀንበር ስትጠልቅ የጮኸ የለም። ዱላ ያነሣም የለም። ሰውየው ከወር በላይ ያጣውን እንቅልፍ ጠግቦ አደረ።

ጠዋት ከፈተ። የወጣ የለም። ጎንበስ ብሎ ገባ። እንቁላል ከሚጥሉበት ጭድ ላይ ዘንዶ ተጋድሟል። ሰውነቱ ላይ አራት እብጠት አለ። ከጭዱ ኋላ፣ ግድግዳውና መሬቱ በሚገናኙበት፣ ሲገባና ሲወጣ የከረመበት ቀዳዳ ታየ። አንድ ዳክዬ ውጦ የሚሾልክበት ቀዳዳ አራት ውጦ አላሳልፍ ብሎታል። ቀድሞ አንዷን እንደዋጠ የዱላው ድምፅ እያስደነገጠው ይወጣ ነበር። ያን ሌሊት ግን ግድግዳውን የመታው የለም።

ሰውየው ታንኳውን ይዞ ማዶ ሄደ። ጫጩቷ ከደንገሉ ዳር፣ ካስቀመጣት ቦታ ነበረች። እየለመነ ጠራት። ድምፁን ስትሰማ አንገቷን አስግጋ አየችው። ከዚያ ያንን ጩኸት ጮኸች፤ ቀጭኑን፣ የማይቆረጠውን። አሁን የምታየው ከኋላው ያለውን አልነበረም። እሱን ነበር።

ታንኳውን መለሰ።

ጋሽ አስረስ ምሳሌውን ጨረሱ። ከዚያ ወደ የሺእመቤት ዞሩ።

«ልጅቷ የምታስቸግረው መቼ ነው?» አሏት።

የሺእመቤት አሰበች። ውሃ ሲመጣ ነው አለች። እሷ በመጣች ሰሞን ከተቆፈረው አዲስ ጉድጓድ ቀድተው ሲገቡ ታለቅሳለች፤ ሁለት ጊዜም ጀሪካኑን በእግሯ ደፍታ ተገርፋለች።

«እህትሽ ቤት የገባው በሽታ ምን ነበር?»

«ተቅማጥ ነው የተባለው።» ድምፅዋ ወረደ። «የኔም ልጆች በሱ ነው የታመሙት።»

«ሰውየው ጩኸቱን ሰምቶ በማግስቱ ሞት ስላገኘ፣ ሞቱን ጩኸቱ ያመጣው መሰለው» አሉ። «ጫጩቷ ግን የምታውቀውን ነበር የምትናገረው። የእህትሽም ልጅ እንደዚያች ናት። ሕመሙን ይዛ አልመጣችም፤ የሚመጣበትን ታውቃለች እንጂ። ተነሺ፤ ትንሹን ጤና ጣቢያ አድርሺው፣ ውሃውንም አፍልታችሁ ጠጡ። ልጅቷን ደግሞ አጠገብሽ አስቀምጪና ምን እንዳየች ጠይቂያት። ከእህትሽ ቤት ሌላ የምትጠይቂው ሰው የለም። በቤቱ ከነበሩት ስድስት ሰዎች የቀረችው እሷ ናት።»