በእኛ ይለፍ

መርዶው የደረሰኝ ማክሰኞ ጧት ነው። ባሌን ይርሳውን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዱት ጎረቤቶቼ ወንዙ ሞልቶባቸው ተመለሱ። ሲሄዱ እየሮጡ ነበር፤ ሲመለሱ ቀስ ብለው ይራመዱ ነበር። ከእርምጃቸው አወቅሁ።

ይርሳው የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበር። መንገድ ይሠራልን የሚል ደብዳቤ ይዞ ዞን ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ይህን ተረት ለልጆቻችን ያወራላቸው ነበር። እንዳይጠፋብኝ ጻፍኩት። ስሙኝ።

እንስሳት ደብዳቤ በሚጻጻፉበት፣ ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚመክርበት ዘመን ሦስት ወረዳዎች ነበሩ። ደጋው የእመት ጦጣ፣ ወይና ደጋው የአያ ጃርት፣ ቆላው የአያ ከርከሮ ነው። ከወንዙ ማዶ የታመመ የምታክም ኤሊ ትኖራለች። መንገድ ግን የለም። በሽተኛ ሁሉ የሚሄደው በአንድ አሮጌ ቃሬዛ ነው። ቃሬዛው ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ወንዝ ዳር ይቆማል። ከሦስት በሽተኛ አንዱን ሳያደርስ ይመለሳል።

አንድ ቀን መንገድ ጠራጊው ዝሆን አስነገረ። የዘንድሮ ጉልበቱ ለአንድ መንገድ ብቻ ይበቃል፤ የፈለገ በደብዳቤ ያመልክት፤ እሱም የተጻፈለትን ቃል በቃል ይፈጽማል።

ከዚያ ወዲያ የተቀመጠ የለም። ጦጣ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ስብሰባ ጠራች። ጃርት ሚስቱ የመውለጃ ቀኗ ደርሶ ነበርና እሾሁን አቁሞ ፊርማ ሲለቅም ዋለ። ከርከሮ መንገዱ ሳይፈቀድ ቁፋሮ ጀመረ።

ቃሬዛው ሦስቱም ደጃፍ ሄደ። አንድ ደብዳቤ ጻፉ፣ ሦስታችሁም ፈርሙበት ብሎ ለመነ። ጦጣ፣ ከላይ የሌለ መንገድ ማን ያየዋል ብላ አሰናበተችው። ጃርት፣ መካከል ያለሁት እኔ ነኝ፣ እነሱ ወደ እኔ ይምጡ አለው። ከርከሮ ሳቀበት።

«አንተ ደግሞ፣ መንገድ ከተሠራ ሥራ ፈት ትሆናለህ። ምን አስጨነቀህ?»

«ሥራ መፍታት ነው የናፈቀኝ፣ አያ ከርከሮ።»

ሦስቱም ለየብቻቸው ጻፉ። ጦጣም፣ ጃርትም፣ ከርከሮም የጻፉት አንድ ዓይነት ነበር፦ «መንገዱ በእኛ ይለፍ። ሌሎቹን ይለፋቸው።»

ዝሆኑ ሦስቱንም አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያም ጋራውን ዞሮ፣ ማንም በማይኖርበት ምድረ በዳ ጠረገና ሄደ። ሦስቱ እየተንጫጩ ተከተሉት።

«ምን አጠፋሁ?» አላቸው። «በእያንዳንዳችሁ ወረዳ ይለፍ ያለ አንድ ነው፤ ይለፈው ያሉ ሁለት ናቸው። የብዙውን ሰማሁ።»

በሳምንቱ ዝናብ ወረደ፤ የጃርትን ሚስት ምጥ ያዛት። ቃሬዛው ተጠራ። ጦጣ ከፊት፣ ከርከሮ ከኋላ፣ ጃርት ከጎን ሆነው ተሸከሙት። ዳገቱን ወጡ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ፣ ወንዙ ዳር ቆሙ። ውኃው እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል። ቢጠብቁ አይጎድልም። ወዲያ ይሮጣሉ፣ ወዲህ ይሮጣሉ፤ መሻገሪያ የለም። የጃርት ሚስት እዚያው ወንዙ ዳር አለፈች።

ሲመለሱ ቃሬዛው ከትከሻቸው ላይ ተናገረ።

«ዛሬ ሦስታችሁም በአንድ ተሸከማችሁኝ። እኔ የለመንኳችሁ ለደብዳቤው ነበር።»

ጃርት ከዚያን ቀን ጀምሮ እሾሁን አላቆመም ይባላል።

ይርሳው እዚህ ሲደርስ ልጆቹን፣ «በእኛ ይለፍ ሲባባሉ መንገዱም አለፈ፣ ሰውም አለፈ» ይላቸው ነበር። የራሱን ደብዳቤ ግን ጎረቤት ቀበሌዎች እንዲፈርሙበት ሦስት ክረምት ዞረበት። የአንዱ ፊርማ ቀርቶት ነበር። ደብዳቤው ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ያልፈረሙት ለአርባው ሲመጡ አወጣዋለሁ።

ተረቴን መለስኩ። አፌን በዳቦ አታብሱልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው፤ ነፍስ ይማር በሉልኝ።