የገብስማ ደንበኞች

ተረት ላወራችሁ ነው፤ "የማንን?" በሉኝ። የዶሮን። መቼ ነው? ድሮ ነው፤ ሞተር ግን ነበር።

ወንዝ ዳር ባለች ሰፈር እመት ገብስማ የምትባል ዶሮ ትኖር ነበር። ሰባት ጫጩቶች ነበሯት። የመጨረሻዋ እግሯ ቀጭን ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ስለምትቀር ቀሪት ይሏታል።

ገብስማ ልጆቿን የምትመግበው ወፍጮ ቤት ደጅ ከሚረግፈው ጥሬ ነበር።

"ደንበኛዬ፣ መጣሽ?" ይላታል አያ ወፍጮ።

"መጣሁ፣ ደንበኛዬ" ትለዋለች።

ሰጪውም ደንበኛ፣ ተቀባይዋም ደንበኛ። ገብስማ ይህን ቃል እንደ መሐላ ስለምታየው ሌላ ደጅ መርገጥ ክህደት ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። በማግስቱ ቢጠገንም፣ ጫጩቶቹ ያን ሌሊት ጦማቸውን አደሩ።

"ይቅር በለኝ አያ ወፍጮ፣ የልጆች እናት ነኝ" አለችና ሁለት ደንበኞች ጨመረች። አንዷ እህል ጫኝዋ እሜቴ አህያ ናት፤ ጆንያዋ ቀዳዳ ነው። ሌላው የዳቦ ቤቱ ደፍ ነው፤ ፍርፋሪ አያጣም።

ገብስማ ደረቷን ነፋች። "ከእንግዲህ ማን ያስርበኛል? ባለ ሦስት ደጅ ነኝ!"

ክረምት ገባ። ወንዙ ሞልቶ ወጣ፤ የወፍጮው ሞተር ውኃ ጠጣ።

ገብስማ ወደ ወፍጮው ሄደች። "ደንበኛዬ፣ ልጆቼ ራባቸው።"

"ሞተሬ ዝም ብሏል፣ እመት ገብስማ።"

ወደ አህያዋ ሄደች። "ደንበኛዬ፣ ልጆቼ ራባቸው።"

"ወፍጮው ከቆመ ማን ይጭነኛል? ጀርባዬን እዪው፤ ዝንብ ብቻ ነው ያለው።"

ወደ ደፉ ሄደች። "ደንበኛዬ፣ ልጆቼ ራባቸው።"

"ዱቄት ከየት ይምጣ? ወፍጮውን ጠይቂው እንጂ!"

ሦስት ደጅ። አንድ ዝምታ።

በሦስተኛው ቀን ስድስቱ ጫጩቶች ይጮኻሉ። ቀሪት ግን ድምፅዋ ቀጠነ፤ ከእናቷ ክንፍ ሥር መውጣት አቃታት።

ከማደሪያቸው ጣሪያ ጥግ እትዬ ሸረሪት ቁልቁል ታይ ነበር።

"አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ሦስት ደንበኛ ይዤ ልጄን በረሃብ ልቀብር ነው፣ እትዬ።"

"እኔም እንዳንቺ ሞኝ ነበርኩ" አለች ሸረሪት። "በልጅነቴ ሦስት ክር ፈተልኩ። ሦስቱንም ግን ያሰርኩት አንድ መጥረጊያ ላይ ነው።"

ገብስማ በዚያ ሁሉ ጭንቀቷ መሃል ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ደረቀ። አህያዋም ደፉም የታሰሩት ወፍጮው ላይ ነው።

"እንግዲህ ማን እንደሚሰጥሽ ብቻ አትጠይቂ" አለች ሸረሪት። "ለሰጪው ከየት እንደሚመጣለት ጠይቂ።"

ገብስማ ቀሪትን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ስድስቱን አስከትላ ዳገቱን ወጣች። ሩቅ ነበር፤ ጭቃው ያዳልጣል። ከላይ የጋሪ ፈረሶች የሚበሉበት ገንዳ አገኘች።

"ጌታዬ ገንዳ፣ ገብስህ ከየት ይመጣል?"

"የምን ጥያቄ ነው? ሌላው 'ስጠኝ' ነው የሚለኝ።"

"እኔ ከየት ነው ያልኩህ።"

"ከደጋ ነው፤ በላይኛው መንገድ። ወንዝ አይሻገር፣ ወፍጮ አያይ።"

"እንግዲያው ደንበኛዬ ነህ!"

ቀሪት አንዲት ፍሬ ዋጠች። ሁለተኛዋን ራሷ ለቀመች። ገብስማ አየቻት፤ ለራሷ መብላት ረሳች።

ሲመለሱ የበሰበሰ ግንድ አገኙ።

"አባባ ግንድ፣ ትልህ ከየት ይመጣል?"

"ከሆዴ ነዋ፣ ልጄ! ጥቂት ነው፤ ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ይበዛል።"

"ወፍጮውን የሚያቆመው ዝናብ?"

"እሱው ራሱ።"

በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ ተጠገነ። ገብስማ አንገቷን ደፍታ መጣች።

"አያ ወፍጮ፣ ሌላ ደጅ ለምጄ ነው የጠፋሁት። ተቀየምከኝ?"

ወፍጮው መዞሩን ቀስ አደረገ።

"ውኃ ውስጥ ቆሜ የቀሪትን ድምፅ እሰማ ነበር። ድንጋይ ነኝ፤ ተነስቼ አላበላት። በአራተኛው ቀን ድምፅዋ ጠፋ። ሞተች ብዬ ነበር። ከየት አግኝተሽ ነው ያበላሻት?"

"ከገንዳው። ከግንዱ።"

"ተባረኪ። ከእንግዲህ እኔ ብቆም እንኳ ልቤ አብሮኝ አይቆምም።"

ከዚያ ወዲያ ገብስማ ጥጋብም ቢሆን ሁሉንም ደጅ በተራ ትረግጥ ነበር። ዳገቱ ያደክማታል፤ ጫጩቶቹም ያጉረመርማሉ። ቀሪት ግን አታጉረመርምም።

ተረቴ ከእኔ ወጥቶ እናንተ ዘንድ ገባ፤ እያበላችሁ አሳድሩት። ደጅ ቢበዛ ምንጩ አንድ ከሆነ፣ የደረቀ ዕለት ሁሉም ይዘጋል።