ድር ለብሳ የሄደችው ልጅ

አንድ ሰው ነበር። ሸማኔ ነው። ከጨንቻ ወረድ ብላ ባለች ቀበሌ፣ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደደ ሃያ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው። ፊደል አልቆጠረም። ግን ለራሱ አንድ ቃል ገብቷል፤ «ይህቺ ልጄ ከዚህ ጉድጓድ ትወጣለች» ብሎ።

ልጁ ትርሲት ትባላለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት መጣች። መጣች፤ ግን አልገባችም። በሩ ላይ ቆመች። ወገኖቼ፣ ልጅ ቤቱ ደርሶ በሩ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ወላጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። አባቷም መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«አባ፣ ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ ተብያለሁ» አለችው።

ምን ሆና ነው? ልንገራችሁ።

የጂኦግራፊ መምህሯ፣ መምህርት ፀዳለ፣ ለክፍሉ አንድ ሥራ ሰጥታ ነበር። የአካባቢያችሁን የአየር ጠባይ ከወር ወር አጥንታችሁ ጻፉ፤ በወላጆች ቀን በአማርኛ ይነበባል፤ ከመቶው ሠላሳው የሚያዘው በዚህ ነው ብላ። ትርሲት ደግሞ ስልክ አላት። አጎቷ ከአርባ ምንጭ የላከላት፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው፤ ቢሆንም ይሠራል። በዚያ ስልክ ውስጥ ድረ ገጽ የሚባል ነገር አለ።

እኔ ብዙም አላውቀው፤ ልጆች ናቸው ያስረዱኝ። የመማሪያ መጽሐፉ እዚያ አለ አሉኝ። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ከነመልሳቸው አሉ። ሒሳብ ያልገባው ልጅ አሥር ጊዜ «ድገምልኝ» ቢለው የማይቆጣ መምህር በቪዲዮ አለ። እንግዲህ ይሄ መጥፎ ነገር ነው? አይደለም። እኛ ለአንድ መጽሐፍ ስምንት ሆነን በተጋፋንበት ዘመን ይሄ ቢኖር ኖሮ፣ ስንቱ ጓደኛዬ ሳያቋርጥ በቀረ ነበር።

ትርሲትም ፈለገች፤ አገኘች። ስለ ወራት የአየር ጠባይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥሩ ገጽ ነው። ስልኩን ወደ አማርኛ መልስልኝ አለችው፤ መለሰላት። እሷም በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ አሥራ ሁለት ገጽ ገለበጠች። አንዲት ቃል አልጣለችም። ብትጥል ይሻላት ነበር።

ክፍል ውስጥ ተነሥተሽ አንብቢ ተባለች። ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው፤ ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ይወቅጠዋል። ለመሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ እንዲህ ስትል አነበበች፦ «ሐምሌ በአካባቢያችን ደረቅና እጅግ ሞቃት ወር ነው። ሰዎች ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ።»

ሐምሌ ነው ያለችው። በጨንቻ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ልጅ «ትርሲት፣ ሐምሌ ላይ ጃንጥላሽን አውሺኝ፤ አንቺ መቼም አያስፈልግሽም» አላት። ደወሉ ሳይደወል ስም ወጣላት። «ባሕር ዳርቻ» ተባለች።

ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ፤ እኔም ስሰማ ስቄአለሁ። ያቺ ልጅ ግን አልሳቀችም።

በማግስቱ አባትየው የታጠበውን ጋቢ ለብሶ ሄደ። መምህርቷ አልተቆጣችም። ወንበር ሰጠችው። ሥራው የልጅቷ እንዳልሆነ፣ ስለዚህ ዜሮ እንደሚያሰጣት፣ በዜሮው ደግሞ ክፍል እንደምትደግም በዝግታ አስረዳችው። መድገም ለዚያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እሱ ያውቃል። ወገቡ እንደ ድሮው አይደለም። ትርሲት ከደገመች ትምህርቱ ቀረ፤ እቤት ተቀምጣ ክር ታጠነጥናለች።

«ልጄ ሌባ ናት ማለትዎ ነው፣ መምህርት?» አላት።

«አላልኩም፣ አባት። የፈለገችበት ቦታ መጥፎ አልነበረም። ያገኘችውን የራሷ ሳታደርገው አመጣችው። አንድ ሳምንት እሰጣታለሁ። በወላጆች ቀን እናንተው ፊት ታንብበው።»

መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ መከረው። ስልኩን ስበረው ያለ አለ፤ ሽጠው ያለ አለ፤ አንድ ጎረቤቱማ የሰይጣን መስኮት ነው አለው። እሱም እቤቱ ሲገባ ስልኩን ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። አልፈርድበትም። ፈርቶ ነው። ስንቶቻችን ነን ስንፈራ ከጥያቄ በፊት ቁልፍ የምናነሣ?

ሁለት ቀን አለፈ። ልጅቷ ባዶ ወረቀት ይዛ ቁጭ ብላለች። አባትየው ይሸምናል፤ ዓይኑ ግን እሷው ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አላስችል አለው።

«ለመሆኑ ያ የገለበጥሽበት ነገር ስሙ ማነው?»

«ድረ ገጽ ይባላል፣ አባ።»

«ድር? የክር ድር?»

«አዎ፤ ያው ድር መሰለኝ።»

ያ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ድር ከሆነማ ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል። ነይ እስቲ» አላት።

ሽመና የማታውቁ ልብ በሉ። ድር ማለት አስቀድሞ በቁመት የሚወጠረው ክር ነው፤ መወጠሩን ማድራት ይሉታል። ማግ ማለት ደግሞ በመወርወሪያው አግድም የሚገባው ነው። ድሩ ተወጥሮ ይዋል፣ ይደር። ሸማኔው ማጉን አንድ በአንድ ካልወረወረ ጨርቅ የሚባል ነገር የለም።

በዚያ ጠዋት ጉድጓዱ ላይ የነበረው የተወጠረ ድር ብቻ ነው። አባቷ በጣቱ እያሳያት፦

«ይሄን ልበሺና ትምህርት ቤት ሂጂ» አላት።

ሳቀች። «አባ ደግሞ። ይሄ እኮ ገና ድር ነው፤ ገላ ያሳያል።»

«ታዲያ ባለፈው ምን ለብሰሽ ነበር የሄድሽው?»

ድሩን በጣቷ ዳሰስ አደረገችው። 

አባትየው ግን በዚህ አልለቀቃትም። ድሩን ያደራው ማነው ብሎ ጠየቃት፤ አታውቅም። ለየትኛው ሀገር ሰው ነው ያደራው? አታውቅም። መቼ? አታውቅም። «እኔ ለሕፃን መታቀፊያ ባደራሁት ድር የጎልማሳ ጋቢ አልሠራም» አላት። ከዚያ ተነሥቶ ሳጥኑን ከፈተና ስልኩን መለሰላት።

ትርሲት ያንን ገጽ ዳግመኛ ከፈተችው። ወደ ታች ወረደች። የጻፈው ሰው ስም አለ፤ ሀገሩም አለ። ሐምሌ በጋው ለሆነ፣ ለሩቅ ሀገር ልጆች የተጻፈ ነው። ለካ ገጹ አልዋሸም። ለነሱ እውነት ነው። ያልጠየቀችው እሷ ናት።

ሌላ ገጽ ፈለገች፤ ዝናብ ከየት ተነሥቶ ወደኛ ደጋ እንደሚመጣ የሚያስረዳ። ሁለተኛ ገጽ ደግሞ ከፍታ ከዚያ ጋር አመሳከረችው። ከዚያስ? ስልኩን ኪሷ ከታ ወጣች። ገብስና እንሰት ያላትን አክስቷን ስለ እያንዳንዱ ወር ጠየቀቻት። ጠዋት ጠዋት ጣሳ ውስጥ የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ እየለካች ጻፈች። ማግ ማለት ይሄ ነው፣ ወገኖቼ።

በመጨረሻም ወደ ጉድጓዱ ዳር መጥታ ቁጭ አለች። «አባ፣ አንተስ ሐምሌን በምን ታውቀዋለህ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም። አሰበ፤ አሰበና «ክሬ አይደርቅም» አላት። «በበጋ ድሩን እንዲጠነክር የዱቄት ሙቅ ቀብቼ ሳሰጣው ረፋድ ላይ ይደርቅልኛል። ሐምሌ ላይ ግን እሳት ዳር ባውለው እንኳ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል።» ጻፈችው።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ትርሲት ስትነሣ ከኋላ «ባሕር ዳርቻ መጣች» ያለ ነበር። ሰማችው፤ ግን ማንበቧን አላቆመችም። አሥራ ሁለቱ ገጽ ስድስት ሆኗል። ሐምሌ ላይ ስትደርስ፣ በዚህ ወር የሸማኔ ክር ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል ብላ አነበበች። በአዳራሹ የነበሩት ሸማኔዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «እውነቷን ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ የሳቀባት የለም።

በመጨረሻው ገጽ ላይ እውቀቱን ከየት ከየት እንዳገኘችው ጽፋለች። ሁለቱን ድረ ገጾች ከነጸሐፊዎቻቸው ጠራች። አክስቷን ጠራች። ከዚያ «አባቴ፣ ሸማኔ» አለች።

አያችሁልኝ? ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከሩቅ ሀገር ምሁራን ተርታ ተጠራ። ጋቢውን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገ። መምህርት ፀዳለ ከሠላሳው ሃያ ስድስት ሰጠቻት። አልደገመችም። አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነች።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ ኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ ስልካችሁን አውጡት፤ ለዚህ ከሆነ አልከለክላችሁም። መጽሐፉን አንብቡበት። የድሮውን ፈተና ሥሩበት። ያልገባችሁን አስደግሙት፤ አይሰለችም። ግን ማን ጻፈው በሉ። ለማን ጻፈው በሉ። ከአንዱ ያገኛችሁትን ሌላውንም ጠይቁ። ከዚያ ስልኩን ኪሳችሁ ከታችሁ በራሳችሁ ዓይን እዩ፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ስድስት ገጽ ከሆነ ስድስት ይሁን። የናንተ ነዋ።

ወላጆች፣ ሳጥኑን ከመቆለፋችሁ በፊት «ስሙ ማነው?» በሉ። አናውቀውም ብላችሁ አትፈሩ። ያ ሰው ስሙን ባይጠይቅ ኖሮ፣ ልጁ ዛሬ ክር ታጠነጥን ነበር።

እኛስ፣ ትምህርት ቤት ከተውን የቆየነው? ይቅርታ ተብሎ ሲሰበክ አሜን እንላለን፤ ወጥተን ደግሞ ጎረቤታችንን አይተን ፊታችንን እናዞራለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየወቀጠው «በጋ ነው» ብሎ ማንበብ ይሄ አይደለም? የእናታችሁ ጸሎት ድር ነው። የአባታችሁ ጾም ድር ነው። እኔ ዛሬ የነገርኳችሁም ድር ነው፤ ይሄን ብቻ ለብሳችሁ ብትወጡ ይበርዳችኋል፣ ልጆቼ።

የሚወረውር እጃችሁን ፈጣሪ አያዝልባችሁ። ድሩን ሌሎች አድርተውላችኋል። ማጉን ግን አደራ።